ከወሎ ሆኖ ሥራን ለመገናኛ ብዙኃን እንዴት ማድረስ ይቻላል?

የወሎ ስም በዓለም መገናኛ ብዙኃን እጅግ ጎልቶ ከተሰማባቸው ጊዜያት ሁለቱ የረሃብ ጊዜያት ናቸው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የብሪታንያ ቴሌቪዥን ተሸሽጎ የቆየውን የወሎ ረሃብ አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሙሐመድ አሚን፣ ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል በነበረችው በኮረም የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ተላልፎ ብዙ አገሮችን ለእርዳታ አነሣሣ። የእነዚያ ዘገባዎች ውለታ አይካድም። ነገር ግን በምስሉ ከታዩት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ስማቸው አልተጠራም፤ ተናጋሪው ሌላ፣ የሚነገርለት ሌላ ነበር። ዛሬ የምንሠራውንና የምናልመውን ራሳችን፣ በስማችን ማሰማት እንዳለብን አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የማስረዳውም የዚህኑ አሠራር ነው።

ብዙውን ሰው ገና ሳይጀምር የሚያስቀረው ይሉኝታ ነው። ስለ ራስ ማውራት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተቀመጠ ባለሙያ በየቀበሌው አለ። አባቶች ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለታቸውም መዘንጋት የለበትም። ፉከራን ልብ ብለን ብናየው፣ ፎካሪው የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለና ምን እንደፈጸመ፣ ዕለቱን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ይናገራል። ራስን ለመገናኛ ብዙኃን ማስተዋወቅም ይህንኑ ይጠይቃል፤ ስም፣ ቦታ፣ ሥራና ምስክር።

አንደኛ፦ ዓላማውን በቁጥርና በቀን ይወስኑ

«ባህላችንን ማሳደግ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ለጋዜጠኛ የሚሰጠው ዜና የለውም። እኔ ስጀምር የነበረኝ ሐሳብ እንዲሁ ጭጋግ ነበር፤ የእናቶችን የቆየ ዜማ እወዳለሁ፣ እንዳይጠፋም እፈራለሁ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር አልነበረኝም። በኋላ ግን «በአምባሰልና በወረባቦ ከሚኖሩ በዕድሜ የገፉ እናቶች በአንድ ዓመት ውስጥ 40 የሠርግና የለቅሶ ዜማዎችን እቀርጻለሁ» ብዬ በደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚጠይቀኝ ሁሉ ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ ይጠይቀኝ ጀመር። የእርስዎ ዓላማ የጫማ ፋብሪካ ማቋቋም፣ በሩጫ መወዳደር ወይም የተራቆተ ኮረብታን በችግኝ መሸፈን ሊሆን ይችላል፤ የትኛውም ቢሆን ሊቆጠር የሚችል ልክ፣ የሚሠራበት ቦታና የሚያልቅበት ቀን ይኑረው። ቢያንስ ሩቡን ሠርተው ሳይጨርሱም ወደ ጋዜጠኛ አይሂዱ፤ ያልተጀመረ ነገር ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም።

ሁለተኛ፦ የሚያዳምጥዎትን ይለዩ

ደሴ ላይ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ይሰማሉ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር የሆነው የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ደግሞ በቴሌቪዥን፣ በራዲዮና በበኵር ጋዜጣ ይሠራል። አዲስ አበባ ላይ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ ረቡዕና እሑድ የሚወጣው ሪፖርተርና ሌሎችም አሉ። እኔ የምመክረው ከቅርቡ መጀመርን ነው። የአካባቢው የራዲዮ ጋዜጠኛ በባጃጅ መጥቶ ሥራዎን በዓይኑ ሊያይ ይችላል፤ የአዲስ አበባው አዘጋጅ ግን አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ የሚመጣበት በቂ ምክንያት ይፈልጋል፤ በአካባቢ ራዲዮ የተላለፈ ዝግጅት ደግሞ አንዱ ምክንያት ሊሆንለት ይችላል።

ጣቢያውን ከመረጡ በኋላ ሁለት ሳምንት ያዳምጡ። የትኛው ዝግጅት እንግዳ እንደሚያቀርብ፣ አዘጋጁ ማን እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወድ ይመዝግቡ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም አልተጻፈም ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ጊዜውን ይምረጡ

ጋዜጠኛ ሁልጊዜ «ለምን ዛሬ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን በወሎ የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም ንግሥ በአምባሰል፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ገና በላሊበላ፣ በየዓመቱ መውሊድ፣ በየሰኞው የባቲ ገበያ አለ። ሥራዎ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር በእውነት የሚገናኝ ከሆነ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላኩ። በበዓሉ ዋዜማ የላኩት ግን ከብዙ ደብዳቤ ጋር ተደራርቦ ይቀራል። የሚያገናኘው ነገር ከሌለ በግድ አያገናኙ፤ ያስታውቃል።

አራተኛ፦ ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ አራት ገጽ ነበር። ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ዜማ ፍቅሬ፣ ስለ ባህላችን መመናመን በሰፊው ጽፌ፣ የሠራሁትን ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀብሬው ነበር። መልስ አልመጣም፤ ለአንድ ወር ያህልም ሥራዬ የማይረባ ስለሆነ ነው ብዬ አዘንኩ። ስህተቱ የአጻጻፌ መሆኑን ያወቅሁት ሁለተኛውን ደብዳቤ በላክሁ ጊዜ ነው። እርሱም ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ የዝግጅቱ አዘጋጅ። አምባሰልና ባቲ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም የወሎ ቦታዎች ናቸው። በእነዚህ ቅኝቶች ያዜሙ የነበሩ እናቶች ግን እያለፉ ነው። ካለፈው መስከረም ጀምሮ 11 ዜማዎችን በእናቶቹ ፈቃድ ቀርጫለሁ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 40 ለማድረስ አስቤያለሁ። ከመካከላቸው የአንዷን ድምፅ፣ የሁለት ደቂቃ ቅጂ፣ አያይዤ ልኬያለሁ። እናቲቱ በዝግጅትዎ ላይ ለመናገር ፈቃደኛ ናቸው። ስልኬ ከታች ሰፍሯል።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ታላቅ»፣ «ድንቅ»፣ «የመጀመሪያ» የሚሉ ቃላት የሉም። «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው» ብሎ ለመጻፍ የሚከጅል ሰው አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ማስረጃ እንዳለው ራሱን ይጠይቅ፤ ከሌለው ይተወው። አንድ የማይረጋገጥ ቃል ሌላውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራልና።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ለራዲዮ ድምፅ፣ ለጋዜጣ ፎቶ፣ ለቴሌቪዥን ደግሞ የሚታይ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ፎቶ በቴሌግራም ሲልኩ በ«ፋይል» መልክ ይላኩት፤ እንዲሁ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ ለኅትመት አይመችም። በፎቶው ላይ ያሉ ሰዎችን ስም ከነአባት ስማቸው፣ ቦታውንና ቀኑን ከሥሩ ይጻፉ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከላይ ባነሣሁት ምክንያት ነው፤ ከወሎ የሚወጣ ምስል ዳግመኛ ስም አልባ መሆን የለበትም። ማንንም ሰው ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ፣ አይላኩም።

አምስተኛ፦ ይደውሉ፣ ከዚያም በልክ ይናገሩ

ደብዳቤው ከተላከ አምስት ቀን ያህል ቆይተው ይደውሉ። የዜና ሰዓት ሲቃረብ አይደውሉ፤ በ«እርስዎ» ይጀምሩ፣ ማን እንደሆኑና ምን እንደላኩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አዘጋጁ «አላየሁትም» ካለ ቅር አይሰኙ፤ እንደገና ይላኩለትና በሳምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉ። ሦስተኛ ጥሪ ጉትጎታ ስለሚሆን ወደ ሌላ ዝግጅት መሄድ ይሻላል። ዘገባው ይሠራ ዘንድ ገንዘብ ከተጠየቁ ግን ያ ማስታወቂያ እንጂ ዜና አይደለምና ውልና ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ካልሆነ በአክብሮት ይሰናበቱ።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ አድማጩ ሊይዛቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይዘው ይግቡ። በቤት ውስጥ ድምፅዎን በስልክ እየቀረጹ መልስዎን ከግማሽ ደቂቃ እንዳይበልጥ ይለማመዱ። ወግ ስንጀምር ከሥሩ ጀምረን ማውጋት ስለምንወድ ይህ ለእኛ ከባድ ነው፤ በራዲዮ ግን ሥሩ ሳይነገር ሰዓቱ ያልቃል። መልሱን ያስቀድሙ፣ ታሪኩን ያስከትሉ። የወሎን ለዛ ግን አይጣሉ፤ የአነጋገር ዘዬውን ደብቆ የሚናገር ሰው የሚለውም ነገር የተዋሰው ይመስላል። የማያውቁትን ከተጠየቁ «ይህን አላጣራሁም» ማለት ይበቃል።

ዘገባው ከወጣ በኋላ ቅጂውን ያስቀሩ፣ ጋዜጠኛውንም ያመስግኑ። ስህተት ካለ ዕለቱን፣ በጽሑፍና በጨዋ ቃል ያሳውቁ፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ማስተካከያና መልስ የማግኘት መብትን እንደሚያውቅም አይርሱ። ቀጣዩን ዜና፣ ለምሳሌ የዓላማዎ እኩሌታ ሲሞላ፣ በቅድሚያ ለዚያው ሰው ይንገሩ። ማንም ባይመጣም ሥራውን አያቋርጡ፤ እኔን መልስ ባጣሁበት ወር ያቆየኝ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቀጠሮ የሰጡኝ እናቶች መኖራቸው ነበር።

ዝግጅቱ የተላለፈው አመሻሽ ላይ ነው። ትንሽ ራዲዮ ይዤ ድምፃቸው ወደተላከው እናት ቤት ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ጎረቤቶችም ተሰብስበዋል። አዘጋጁ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቀበሌያቸውንም ጨምሮ ሲጠራ፣ ስኒውን ከእጃቸው አስቀምጠው «አባቴንም ጠሩት?» አሉ፤ ከዚያም ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ማንም አልተናገረም።