የድሮውንና የአዲሱን ኤምፒሲ ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቢት የሚሠሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የድሮውን ኤምፒሲ ፈልጌ ላግኝ ወይስ አዲሱን ልግዛ?» ኤምፒሲ ድምፅ እየቀዳን፣ በጣት የሚመቱ ቁልፎቹን (ፓዶቹን) እየተጫወትን ቢት የምንሠራበት የአካይ ኩባንያ መሣሪያ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ዕቃውም ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሰው እጅ ስለሚመጣ አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም። እኔ 2000ኤክስኤል በሚባለው የድሮ ሞዴል ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ፣ አሁን ዋን በሚባለው አዲሱ ነው የምሠራው፣ የጓደኛዬን ኤምፒሲ60 ደግሞ አንድ ክረምት ሙሉ ተውሼ ከርሜበታለሁ። ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። አብዛኛው ሰው ግን የሚያወዳድረው መሣሪያዎቹን ሳይሆን ስለ መሣሪያዎቹ የሰማውን ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ ያለአግባብ ገንዘብ ያስወጣል፣ አለዚያም ቤት ውስጥ ያለውን ጥሩ መሣሪያ ያስንቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የድሮ» እና «አዲስ» ብሎ ለሁለት መክፈል

ኤምፒሲ60 የወጣው በ1988 ነው። የነደፈው አሜሪካዊው ሮጀር ሊን፣ ያመረተው የጃፓኑ አካይ። በ1991 የተከተለው ሁለተኛው 60 ልብሱን ቀየረ እንጂ ሆዱ ያው ነው። በ1994 ኤምፒሲ3000 መጣ፤ 16 ቢት (ይህ «ቢት» የምንሠራው ቢት ሳይሆን ድምፁ የሚመዘገብበት የዝርዝር መጠን ነው) እና 44.1 ኪሎኸርዝ (ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካበት ፍጥነት) ይዞ፤ የሊን እጅ ያረፈበት የመጨረሻው ኤምፒሲም እሱ ነው። የ1997ቱን ኤምፒሲ2000 አካይ ብቻውን ሠራው፣ 2000ኤክስኤል ከዚያ ቀጠለ። እንግዲህ ሰው «የድሮው ኤምፒሲ ድምፅ» ሲለኝ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆንብኛል። በእኔ ጆሮ በ60 እና በ2000ኤክስኤል መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት፣ በ2000ኤክስኤል እና በዋን መካከል ካለው ይሰፋል።

አዲሶቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ2012 የወጡት ሬኔሳንስና ስቱዲዮ ያለ ኮምፒውተር ምንም አይሠሩም። ያገለገለ ሬኔሳንስ በጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ የገዛ ሰው ላፕቶፕ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሳጥኑን ከከፈተ በኋላ ነው። ኤምፒሲ እንደገና ራሱን ችሎ መሥራት የጀመረው በ2017 ላይቭና ኤክስ ሲመጡ ነው፤ ዋን በ2020 ተከተላቸው።

«12 ቢት» የሚለውን ቁጥር ለድምፁ ምክንያት ማድረግ

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

60 ድምፅን የሚቀዳው በ40 ኪሎኸርዝ ነው። የገባውን ድምፅ በ16 ቢት ያነብና ሜሞሪው ላይ በ12 ቢት አሽጎ ያስቀምጠዋል። አስተሻሸጉ እኩል ደረጃ ያለው መሰላል አይደለም፤ ዝግ ላለው ድምፅ ደረጃዎቹን ያጠባል፣ ለጮኸው ያሰፋል። በዚህ ምክንያት የከበሮው ጭራ ሲጠፋ እንኳ ብዙ አይሻክርም። በ1987 የወጣው የሌላው ኩባንያ፣ የኢ-ሙ፣ ቢት መሥሪያ ኤስፒ1200 ግን እሱም 12 ቢት ነው ይባላል፣ ነገር ግን የሚቀዳው በ26 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው፣ ሸካራነቱም ወዲያው ይሰማል። ቁጥሩ አንድ፣ ድምፁ ሌላ። ድምፁን የሚሠሩት የቅጂው ፍጥነት፣ አስተሻሸጉ፣ የመግቢያና የመውጫ የኤሌክትሪክ ዑደቶቹ በአንድነት ናቸው።

ሌላም አለ፤ እሱም ከመሣሪያው ውጭ ነው። የ60 ሜሞሪ ወደ 13 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ሲጨመርበት 26። በዚህ ጥበት የተቸገሩ ሰዎች አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ በደቂቃ 33 ዙር መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 ያጫውቱትና እንደ ፈጠነ ይቀዱታል፣ ከዚያ መሣሪያው ውስጥ አምስት ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ አምስት ተከታታይ ቁልፍ) ያህል ያወርዱታል። በዚህ መንገድ 13ቱ ሰከንድ ከ17 ሰከንድ በላይ የሚሆን ሙዚቃ ይሸከማል። ክፍያው ግን የድምፁ ጥራት ነው፤ ላዩ ይቆረጣል፣ ትንሽ አሸዋ ይገባበታል። ብዙዎቻችን የምንወደው ያ የድሮ ድምፅ በከፊል የዚህ ብልሃት ልጅ ነው።

አሁን አስቡት። አንዱ ሸክላውን በትክክለኛው ፍጥነት ወደ ዋን ይቀዳና «ይሄ ነገር ነፍስ የለውም» ይላል። እሱ ያወዳደረው ሁለት መሣሪያዎችን አይደለም፤ ሁለት የአቀዳድ ልማዶችን ነው። እኔም ለብዙ ወራት እንዲሁ አድርጌ ነበር። አንድ ቀን ያንኑ ሸክላ በ45 አጫውቼ ወደ ዋን ቀዳሁትና አምስት ሴሚቶን አወረድኩት። 60 ሆነ አልልም፤ ግን ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ጠበበ። አዲሶቹ ውስጥ የ60ን፣ የ3000ንና የኤስፒ1200ን ድምፅ የሚያስመስል ማጣሪያ መኖሩም እውነት ነው፤ እሱን ከመክፈት በፊት ግን የአቀዳዱን ጉዳይ ጨርሱ።

በከበሮ ብቻ መፈተን

ሁሉም የሚፈትነው በኪክና በስኔር ነው። አጭርና ኃይለኛ ድምፅ ላይ የድሮዎቹ ሁልጊዜ ያምራሉ። ማሲንቆ ቀድታችሁ አራት ሴሚቶን አውርዱት፤ ወይም ረጅም የድምፃዊ እንጉርጉሮ። ክሩ ላይ የሚንሸራተተው ጣት፣ የቀስቱ ፍትጊያ፣ በድምፆች መካከል ያለው ቀጭን ድንበር በየመሣሪያው ምን እንደሚሆን የምትሰሙት ያን ጊዜ ነው። 60 ላይ ፍጥነቱን ስትቀንሱ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል፤ ሁለቱን መለየት አይችልም። 2000ኤክስኤል ይለያል፣ ግን ቆም ብሎ አስልቶ ነው። አዲሶቹ እየተጫወተ ሳለ ይለያሉ። በትዝታ የተቃኘ ማሲንቆ ከቢታችሁ ፍጥነት ጋር ማጋባት የዘወትር ሥራችሁ ከሆነ፣ ይህ ብቻውን ውሳኔውን ሊሰጣችሁ ይችላል።

ድምፃቸውን ሳያስተካክሉ መስማት

ጆሮ የጮኸውን «የተሻለ» ብሎ ይቀበላል። ልዩነቱ አንድ ዴሲቤል ቢሆንም ያታልላል። የሁለቱንም መጠን በሚክሰሩ ላይ እኩል አድርጉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ።

የስዊንጉን ነገር ምሥጢር ማድረግ

«የድሮው ስዊንግ በአዲሱ ላይ የለም» የሚለውን ስንቴ ሰምቻለሁ! ሊን ራሱ ስዊንግን የሚያስረዳው በጣም ቀላል አድርጎ ነው፦ ከየሁለቱ አሥራ ስድስተኛ ምቶች ሁለተኛውን ማዘግየት። 50 በመቶ ማለት ምንም አልዘገየም፣ 66 በመቶ ማለት ሦስትዮሽ ሆኗል።

ሒሳቡን እንሥራው። 60 አንዱን ሩብ ምት በ96 ትናንሽ ክፍሎች ይከፍለዋል። ስለዚህ ሁለት አሥራ ስድስተኛ ምቶች በአንድነት 48 ክፍል ናቸው። ስዊንጉን 54 በመቶ ስትሉት ሁለተኛው ምት በ24 ፈንታ በ26ኛው ክፍል ላይ ያርፋል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንዱ ክፍል 7 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ መዘግየቱ 14 ሚሊሰከንድ ነው። አዲሶቹ ሩቡን ምት በ960 ይከፍሉታል፤ ያው 54 በመቶ እዚያ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ከድሮው በአንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይርቅም። ይህን የሚለይ ጆሮ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እውነተኛው ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ምት ማረሚያውን (ምታችሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚያስገባውን) ዘግታችሁ በእጃችሁ ብቻ ስትጫወቱ፣ 60 አሁንም ምታችሁን ወደ ቅርቡ ክፍል ይጎትተዋል፤ አዲሱ ግን እንደመታችሁት ያስቀምጠዋል። የሂፕ ሆፕ ፕሮዲውሰሩ ጄ ዲላ ይሠራበት የነበረው 3000 ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ከተማ ያላችሁ ብዙ ናችሁና የሙዚየሙን ደጅ ታውቁታላችሁ። የእሱን አረማመድ ለማግኘት 3000 መግዛት አለብኝ የሚሉ አሉ፤ ያ አረማመድ የመጣው በአንድ ቁልፍ ላይ ካለ ስዊንግ ሳይሆን ከገዛ እጁና እያንዳንዱን ምት ያስቀምጥበት ከነበረው ቦታ ነው።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ችክችካ 6/8 ነው፤ ምቱ በሦስት በሦስት ይቧደናል። ስዊንግ የተሠራው በሁለት በሁለት ለተቧደነ ምት ስለሆነ በችክችካ ላይ የትኛው መሣሪያ «ይወዛወዛል» ብሎ በስዊንግ መመዘን ፍሬ የለውም። ባሩን 6/8 አድርጉ፣ ማረሚያውን ዝጉ፣ አራት ባር በእጃችሁ ምቱ፣ ከዚያ እየደጋገመ ሲያጫውተው ስሙ። የእናንተን እጅ የመለሰላችሁ የትኛው ነው? እኔ በዚህ ፈተና አዲሱን መርጫለሁ።

አዲሱ በሁሉም ነገር ይበልጣል ብሎ ማሰብ

የ60ን ጀርባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዋናው ስቴሪዮ ሌላ ስምንት የተለያዩ መውጫዎች አሉት። ኪኩን ለብቻ፣ ስኔሩን ለብቻ፣ ክራሩን ለብቻ ወደ ሚክሰር ታወጣላችሁ። ዋን ያለው አንድ ጥንድ መውጫ ብቻ ነው። ላይቭ ሦስት ጥንድ አለው፣ ኤክስ ስምንት መውጫ አለው። በሌላ በኩል ያገለገለ 2000 ስትገዙ ስምንቱ መውጫ ለብቻው የሚገዛ ካርድ እንደነበር አስታውሱ፤ ብዙዎቹ ላይ የለም። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ካልላከ አትግዙ።

ያረጀውን ዕቃ ከታሸገው ጋር ማወዳደር

የሠላሳ ዓመት ፓድ ደንድኗል፣ ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ፍሎፒ ማንበቢያው ደክሟል። ይህ የመሣሪያው ባሕርይ ሳይሆን ዕድሜው ነው። ፓዱም፣ የስክሪኑ መብራትም ይቀየራል፤ በፍሎፒው ቦታ ፍላሽ የሚቀበል ማንበቢያ ይገጠማል። የጓደኛዬ 60 ፓዱ ከተቀየረ በኋላ ሌላ መሣሪያ ነው የሆነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ጥገናውን ደምሩበት።

ኤሌክትሪኩን ደግሞ አደራ። የአክስቴ ልጅ 2000ኤክስኤሉን ከአሜሪካ በሻንጣዋ ተሸክማ ስታመጣልኝ ከደስታዬ ብዛት ጀርባውን ሳላነብ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። መሣሪያው የ120 ቮልት ነበር፣ የእኛ መስመር 220። ሽታው አሁንም ይታወሰኛል። ፓወር ሰፕላዩን ለማስቀየር ወራት ፈጀብኝ፣ እሷም ያን ሁሉ መንገድ የተሸከመችው ነገር በአንድ ደቂቃ ሲበላሽ አይታ በጣም አዘነች። በድሮዎቹ ውስጥ ፓወር ሰፕላዩ ከመሣሪያው ሆድ ነው፣ ለተሸጠበት አገር ብቻ የተሠራ ነው፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ዋንና ላይቭ በውጭ አዳፕተር ይሠራሉ፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን አይታችሁ ሰኩት።

የሶፍትዌሩን ቨርዥን መርሳት

60 ላይ የሊን ሦስተኛው ቨርዥን ካለበት ብዙ የ3000 ሥራ ይሠራል፤ ከሌለበት ሌላ መሣሪያ በሉት። በ2003 የወጣው ኤምፒሲ1000 ደግሞ ጄጄ ኦኤስ የሚባለው ከአካይ ውጭ የተሠራ ሶፍትዌር ሲጫንበት ከፋብሪካ ከወጣበት እጅግ ይሻላል። አዲሶቹም እንደዚያው፤ የ2017ቱ ላይቭ ሲወጣ ያልነበሩትን ብዙ ነገሮች በነፃ ማሻሻያ አግኝቷል። አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ስለ ላይቭ የተናገረውን ዛሬ እንደ ማስረጃ አትያዙት።

ሰፊውን ሜሞሪ ትርፍ ብቻ አድርጎ መቁጠር

ዋን 2 ጊጋባይት አለው። 60 ላይ ግን አንድ ድምፅ ከመቅዳቴ በፊት ሌላ መሰረዝ ነበረብኝ፤ ያ ክረምት ከጀመርኳቸው ቢቶች ሁሉንም ጨርሼአቸዋለሁ። ወደ ዋን ስመለስ ግማሽ የደረሱ ሥራዎች ተከመሩብኝ። አሁን አንድ ባዶ ፕሮጀክት አለኝ፤ ስሙን «13» ብዬዋለሁ። ከአንድ ሸክላ ብቻ እወስዳለሁ፣ የቀዳሁት ሁሉ ተደምሮ 13 ሰከንድ ሲሞላ መቅጃውን እዘጋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለኝ 16 ፓድና እጄ ብቻ ነው። 60 ለመግዛት የቆረጠ ሰው መጀመሪያ አንድ ወር እንዲህ ይሥራ፤ ከወሩ በኋላም ጆሮው 60ን ከፈለገ፣ ይፈልገው።