ትልቅ ብቸኛ ቁጥርን በወረቀት መፈተን

ለተማሪዎቼ ከማስተምረው ሁሉ የሉካስ-ሌመርን ፈተና የሚያህል የምወደው የለም። አንድም አካፋይ ሳንፈልግ ቁጥሩ ብቸኛ መሆኑን፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው አለመኖሩን፣ ይነግረናል።

የሚሠራው ለመርሰን ቁጥሮች ነው፤ 2ን ደጋግመን አባዝተን ከውጤቱ 1 ስንቀንስ ለሚገኙት። የ2ዎቹ ብዛት ራሱ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ይሁን። ይህ ብቻ ግን አይበቃም፤ 11 ብቸኛ ሆኖ ሳለ ከእሱ የሚገኘው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው።

127ን እንፈትን፤ የሰባት 2ዎች ብዜት 128 ነው፣ 1 ሲቀነስ 127። ከ4 ጀምሩ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለ127 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ያዙ። ከ4 ወደ 14 እንደርሳለን። ከ14፣ 194፤ ቀሪው 67። ከ67፣ 4487፤ ቀሪው 42። ከ42፣ 1762፤ ቀሪው 111። እዚህ ላይ ድካም የምትቀንስ ብልሃት አለች፦ 111 ከ127 በ16 ስለሚያንስ በእሱ ፈንታ 16ን አባዙ። 16 × 16 − 2 = 254፣ የ127 እጥፍ! ቀሪው 0።

የዙሩ ብዛት ከ2ዎቹ ብዛት በ2 ያንሳል፤ እዚህ አምስት ነው። የመጨረሻው ቀሪ 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። በየዙሩ ቀሪውን መውሰድ አትርሱ፤ ያለዚያ የአሃዞቹ ብዛት በየዙሩ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል።

ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1876 ከ127 2ዎች የሚገኘውን ባለ39 አሃዝ ቁጥር ብቸኛነት ያረጋገጠው ያለ ኮምፒውተር ነበር። በ2024 የተገኘው ብቸኛ የመርሰን ቁጥር ደግሞ 41,024,320 አሃዞች አሉት፤ የተረጋገጠውም በዚሁ ፈተና ነው።

ቀጥላችሁ 8191ን ሞክሩ፤ 2ዎቹ አሥራ ሦስት፣ ዙሩ አሥራ አንድ ነው።