የከተማ ውሃ ኦዲት ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የከተማ ውሃ አገልግሎት በዓመቱ ያመረተውን ውሃ ከሸጠው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን «ብክነት» ብሎ ሪፖርት ሲያደርግ ኦዲቱን የጨረሰ ይመስለዋል። ሥራው ግን የሚጀምረው ገና ከዚያ ልዩነት ነው። በልዩነቱ ውስጥ ከተሰበረ ቱቦ ወደ መሬት የሰረገ ውሃ አለ፤ ደንበኛው ተጠቅሞበት ቆጣሪው ያልቆጠረው አለ፤ ለእሳት አደጋ መኪና ወይም ለመስመር ማጠቢያ የዋለም አለ። ከነጭራሹ ያልተመረተ፣ በጉድጓዱ ላይ ያለው ቆጣሪ ስለተሳሳተ ብቻ በወረቀት ላይ የተወለደ ውሃም ይገኝበታል። ዓለም አቀፉ የውሃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የውሃ ሚዛን እነዚህን ለያይቶ ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ ወደ ሥርጭት የገባውን ውሃ በአንድ በኩል፣ የተፈቀደ ፍጆታን፣ ንግዳዊ ብክነትንና (ደንበኛ ተጠቅሞበት ያልተቆጠረውን ወይም በሕገ ወጥ መንገድ የተወሰደውን) አካላዊ ብክነትን (ከመስመር የፈሰሰውን) በሌላ በኩል አስቀምጦ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲመጡ ያስገድዳል። ችግሩ አካላዊ ብክነት በሠንጠረዡ ውስጥ በቀጥታ አለመለካቱ ነው። ሌላው ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፈው እሱ ስለሆነ፣ በየትኛውም ረድፍ የተሠራ ስህተት ተንከባሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ክብደታቸው የሚመዘነው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርት ቆጣሪን ሳይፈትሹ ማመን

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመላው ሚዛን መነሻ ወደ ሥርጭት የገባው ውሃ መጠን ነው። የአንድ ቤት ቆጣሪ ቢሳሳት ጉዳቱ የአንድ ቤት ነው፤ የጉድጓድ ወይም የማጣሪያ ጣቢያ ቆጣሪ ሲሳሳት ግን የከተማው ኦዲት በሙሉ ይዛባል። ይህ ሆኖ ሳለ በብዙ ቦታ የቤት ቆጣሪ ተነቅሎ ሲፈተሽ ትልቁ ቆጣሪ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ማንም አይነካውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ያየሁትን ልጥቀስ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ውስጣዊ ስፋቱ 12 ሜትር ወደሆነ ክብ ማጠራቀሚያ ይገባል። የማጠራቀሚያውን መውጫ ቫልቭ ዘግተን፣ አለመፍሰሱንም ካረጋገጥን በኋላ ፓምፑ ለሁለት ሰዓት እንዲሠራ አደረግን። የውሃውን ከፍታ በሜትር ስንለካው 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ጨምሯል፤ ይህም በ113 ካሬ ሜትር ወለል ሲባዛ 158 ሜትር ኩብ ይሆናል። በዚያው ሁለት ሰዓት ቆጣሪው የመዘገበው ግን 181 ነበር፤ ከእውነተኛው መጠን 14 በመቶ ያህል ብልጫ ማለት ነው። ቆጣሪው ከቱቦው መታጠፊያ አጠገብ፣ ፍሰቱ እስኪረጋጋ ድረስ የሚሄድበት ቀጥ ያለ ቱቦ ሳይተውለት ተገጥሞ ነበር። በዚያ ላይ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ከውሃው ቀድሞ የሚመጣው አየር ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል።

ይህ በዓመት ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ በስሌት ማየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቆጣሪ በዓመት 600,000 ሜትር ኩብ ቢመዘግብ እውነተኛው ምርት ወደ 525,000 ይወርዳል። ከተማው 390,000 ሜትር ኩብ ሸጦ ከሆነ፣ 35 በመቶ ተብሎ የሚቀርበው ብክነት በእርግጥ 26 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው 75,000 ሜትር ኩብ ከየትም አልፈሰሰም፤ እሱን ፍለጋ የሚሰማራ የመስመር ጥገና ቡድን ዓመት ሙሉ ቢቆፍር አያገኘውም። ስለዚህ ኦዲት ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ የምርት ቆጣሪ ወይ በማጠራቀሚያ ሙላት፣ ወይ በቱቦው ላይ በሚታሰር ተንቀሳቃሽ የአልትራሶኒክ መለኪያ ሊፈተሽ ይገባል። የማጠራቀሚያው ፍተሻ ከአንድ ሜትርና ከአንድ የእጅ ሰዓት በቀር ወጪ ስለማይጠይቅ፣ በጀት የለም ተብሎ የሚቀርበው ምክንያት ለእኔ አያሳምነኝም።

ቀኖቹ የማይገጥሙ ሁለት መዝገቦችን ማነጻጸር

ምርት በየቀኑ ይመዘገባል፤ የደንበኞች ቆጣሪ ግን በወር አንድ ጊዜ፣ ያውም ሰፈር በሰፈር በተለያየ ቀን ይነበባል። የሰኔ ቢል ተብሎ የሚወጣው ቁጥር የግንቦትን ግማሽ የያዘ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ጳጉሜን ሲጨመርበት ጉዳዩ ይብሳል፤ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ፍጆታ መስከረም ላይ በሚነበበው ቢል ውስጥ ሲጠቃለል፣ የ30 ቀን ምርት ከ35 ቀን ሽያጭ ጋር ይነጻጸርና የመስከረም ብክነት በድንገት ቀንሶ ይታያል። በዚህ ምክንያት ብቻ «ብክነት ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ ያየ ሰው ስህተቱን ቀላል አያደርገውም። መፍትሔው የወር ሚዛንን እንደ ውጤት አለመውሰድና ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን ሙሉ የበጀት ዓመት መሥራት ነው፤ በዓመቱ ጫፍና ጫፍ ያሉት ንባቦችም በየሰፈሩ የንባብ ቀን መሠረት መስተካከል አለባቸው።

የደንበኛ ቆጣሪ የማይሰማውን ውሃ መርሳት

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አብዛኛው ግቢ ሮቶ አለው። ሮቶው ሊሞላ ሲቃረብ ተንሳፋፊው ኳስ መግቢያውን ቀስ በቀስ ይዘጋዋል፤ ውሃውም መፍሰሱን ትቶ መንጠባጠብ ይጀምራል። አንድ የተለመደ ባለ ግማሽ ኢንች ቆጣሪ፣ ቋሚ ፍሰቱ በሰዓት 2.5 ሜትር ኩብ ሆኖ አር 80 የሚባለው ደረጃ ከሆነ (ማለትም ቋሚ ፍሰቱ በትክክል ከሚለካው ዝቅተኛ ፍሰት 80 እጥፍ ከሆነ)፣ በመስፈርቱ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠለት ከ31 ሊትር በሰዓት ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በከፊል ይቆጥራል ወይም ከነጭራሹ አይቆጥርም። ሮቶው በሰዓት 15 ሊትር እየተቀበለ ቢቆይ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን በ80 ደቂቃ ይሞላል፤ በቆጣሪው መስታወት ሥር ያለችው ትንሿ ቀይ ኮከብ ግን ባለችበት ልትቆም ትችላለች። ይህ ውሃ ከመስመር አልፈሰሰም፤ ደንበኛው ጠጥቶታል፣ ታጥቦበታል። በኦዲቱ ውስጥ በአካላዊ ብክነት ከተጻፈ ግን ቆጣሪ መቀየር በሚያስፈልግበት ቦታ ቱቦ ይቀየራል።

ተቃራኒውም አለ። ፈረቃው ሲደርስ በባዶው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ከውሃው ቀድሞ ቆጣሪውን ያሽከረክራል፤ «የምንከፍለው ለአየር ነው» የሚለው የደንበኞች አቤቱታ መሠረት የሌለው አይደለም። ሁለቱ ስህተቶች በየሰፈሩ በተለያየ መጠን ስለሚገኙ በግምት ማቻቻል አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። ለመለካት ሲነሱ ደግሞ ቅሬታ የቀረበባቸውን ቆጣሪዎች ብቻ ነቅሎ መፈተሽ ሌላ ስህተት ነው፤ ቅሬታ የሚያቀርበው የበዛበት ደንበኛ እንጂ ያነሰለት አይደለምና። ናሙናው በቆጣሪው ዕድሜ፣ በዓይነቱና በሰፈሩ ተከፋፍሎ በዕጣ መውጣት አለበት። ሆቴሎችን፣ ፋብሪካዎችንና ሆስፒታሎችን ግን ለዕጣ መተው አይገባም፤ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ከሽያጩ ትልቁን ድርሻ ስለሚይዙ አንድ በአንድ ቢፈተሹ ውጤቱ ድካሙን ይክሳል።

የቢል ክፍሉን መዝገብ ሳይመረምሩ መውሰድ

ግቢው ተቆልፎ ስላገኘው ቆጣሪ አንባቢው በአማካይ የሞላው ንባብ፣ ለወራት ዜሮ እያሳየ የሚቀጥል ቆጣሪ፣ በአቤቱታ ተስተካክሎ የተቀነሰ ሜትር ኩብ፣ በመስመር ላይ ያለ ነገር ግን በደንበኞች መዝገብ ያልገባ አዲስ ቅጥያ (ከዋናው መስመር ወደ ግቢ የሚገባ ቱቦ)፣ እነዚህ ሁሉ ውሃ ናቸው። ከቢል ክፍሉ በብር የተጠቃለለውን ብቻ ሳይሆን የተነበበውን፣ የተገመተውንና የተስተካከለውን ሜትር ኩብ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያልተለካውን ፍጆታ ከውጭ በተወሰደ መቶኛ መሙላት

ሕገ ወጥ ቅጥያን በሚመለከት የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበር በነጻ በሚያድለው የኦዲት ሶፍትዌር ለረጅም ጊዜ ያገለገለው መነሻ ግምት ወደ ሥርጭት ከገባው ውሃ 0.25 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ለእነሱ ሁኔታ የተቀመጠ ነው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ግምቱ ከአካባቢው ቆጠራ መነሳት አለበት። በአንድ ናሙና ሰፈር ቤት ለቤት ሄዶ ቅጥያዎችን ከመዝገብ ጋር ማመሳከር ከማንኛውም ተውሶ ከመጣ መቶኛ ይሻላል። ለቦኖዎች፣ ለቤተ እምነቶች፣ ለመናፈሻና ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ውሃም ባይከፈልበት እንኳ ቆጣሪ ሊገጠምለት ይገባል።

ብክነትን በመቶኛ ብቻ መግለጽ

መቶኛ ለመስማት ቀላል ስለሆነ በዕቅድም በሪፖርትም ሥር ሰዷል፤ እኔም ከላይ ተጠቅሜበታለሁ። የአንድን አገልግሎት ድካም ለመመዘን ሲውል ግን ያሳስታል። በቀን 10,000 ሜትር ኩብ የሚያሰራጭና 3,000 የሚያባክን ከተማ ብክነቱ 30 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በቀን 2,000 ሜትር ኩብ የሚወስድ አንድ ቢራ ፋብሪካ ቢገባና ምርቱ ወደ 12,000 ቢያድግ፣ አንድም ስንጥቅ ሳይጠገን ብክነቱ 25 በመቶ ይሆናል። የአሜሪካው ማኅበር የውሃ ብክነት ኮሚቴም መቶኛ የአፈጻጸም መለኪያ እንዳይሆን የሚመክረው ለዚህ ነው።

የተሻለው መለኪያ በቀን በአንድ ቅጥያ የሚባክነው ሊትር ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ መስመሩ ውሃ የያዘባቸው ሰዓታት መታሰብ አለባቸው። 10,000 ቅጥያዎች ያሉት ከተማ በቀን 1,600 ሜትር ኩብ አካላዊ ብክነት ቢኖርበት በቅጥያ 160 ሊትር ይደርሳል፤ ደህና ቁጥር ይመስላል። ውሃው በቀን የሚመጣው ለ8 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን መስመሩ ቀኑን ሙሉ ቢሞላ የሚባክነው 480 ሊትር ነበር። ሰዓቱን ያልጠቀሰ ሪፖርት፣ ፈረቃው ጠብቦ ሕዝቡ በተቸገረበት ዓመት «ብክነት ቀነሰ» ብሎ ለመመስገን ያበቃል፤ ይህ ደግሞ ለጀሪካን ለሚሰለፉት ሰዎች የሚያሳዝን ነገር ነው።

የሌሊት ፍሰትን ያለ ቦታው መጠቀም

ውሃ ሳይቋረጥ በሚሰጥባቸው ከተሞች ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ስለሚተኛ፣ ወደ አንድ ሰፈር የሚገባው ውሃ በአብዛኛው ፍሳሽ ነው ተብሎ ይወሰዳል። በፈረቃ ከተማ ያ ሰዓት ሮቶዎች የሚሞሉበት ነው። ዘዴውን እዚህ ለመጠቀም አንድን ሰፈር በቫልቮች ለይቶ፣ ሮቶዎቹ ሁሉ እስኪሞሉ ድረስ ለተከታታይ ቀናት ያለማቋረጥ ውሃ መስጠትና ከዚያ በኋላ መለካት ይገባል። ቫልቮቹ በእርግጥ መዘጋታቸውም መረጋገጥ አለበት፤ አንድ በደንብ ያልተዘጋ ቫልቭ የሌሊቱን ልፋት ከንቱ ያደርጋል።

ሁሉንም ብክነት በአንድ ዋጋ መተመን

ንግዳዊ ብክነት ደንበኛ የተጠቀመበት ውሃ ስለሆነ በታሪፉ ይተመናል። አካላዊ ብክነት ግን በተለምዶ የሚተመነው ውሃውን ለማምረት በወጣው የኤሌክትሪክ፣ የክሎሪንና የአልሙኒየም ሰልፌት ወጪ ነው። ይሁንና ውሃ በማይበቃበት ከተማ ከፍሳሽ የዳነ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ገዢ ስለሚያገኝ በታሪፍ መተመኑ ተገቢ ነው። የትኛው እንደተመረጠና ለምን እንደሆነ በኦዲቱ ላይ ካልተጻፈ የጥገናው አዋጪነት ለማንም አይገባም።

የውጤቱን እርግጠኝነት አለመግለጽ

በዓመት 3,000,000 ሜትር ኩብ ወደ ሥርጭት ገባ፣ 1,950,000 ተሸጠ እንበል። የምርት ቆጣሪዎቹ 5 በመቶ፣ የሽያጩ መዝገብ ደግሞ 2 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሳሳቱ ከቻሉ፣ 1,050,000 የሚለው ልዩነት (የሁለቱ ስህተቶች ካሬዎች ተደምረው የካሬ ሥራቸው ሲወሰድ) በ155,000 ገደማ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ይህም የራሱን 15 በመቶ ያህላል። እንዲህ ባለ ኦዲት ላይ «ብክነቱን በ3 በመቶ ቀነስን» ማለት የሚያስኬድ አይደለም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ የከተማ ውሃ አቅራቢዎች ዓመታዊ ኦዲታቸውን አስመርምረው እንዲያቀርቡ ያስገደደችው፣ ያልተመረመረ ቁጥር ለውሳኔ ስለማይበቃ ነው።

ትልቁን ፍሳሽ ብቻ ማሳደድ

አስፋልት ሰንጥቆ የሚፈነዳ ቱቦ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይደውላል፤ በሰዓት 50 ሜትር ኩብ እያፈሰሰ በ12 ሰዓት ውስጥ ቢጠገን የጠፋው 600 ሜትር ኩብ ነው። ከዋናው መስመር ወደ ግቢ በሚገባ ቅጥያ ላይ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ እያፈሰሰ ለ200 ቀናት ያልታየ ቀዳዳ ግን 2,400 ሜትር ኩብ ይወስዳል። የጥገና መዝገቡ የተጠገነበትን ቀን ብቻ ከያዘ ኦዲቱ ይህን ልዩነት ሊያሳይ አይችልም። ጥቆማው የመጣበት፣ ቦታው የታወቀበትና ውሃው የቆመበት ጊዜ ለየብቻ በሰዓት ጭምር መጻፍ አለበት። እነዚያን ትንንሽ ፍሳሾች ቀድሞ የሚያውቃቸውም ሰው አለ። በበጋ ወራት፣ አካባቢው ሁሉ ደርቆ ሳለ ከአንድ ቆጣሪ ሳጥን አጠገብ ብቻውን የለመለመውን ሣር በየወሩ እየረገጠ የሚያልፈው ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ በንባብ ቅጹም ላይ ያየውን የሚጽፍበት አንድ ዓምድ ሊከፈትለት ይገባል።