ኮንቴይነሩን ሳታዩ ኑግ አትጫኑ

ሰሞኑን ከፍኖተ ሰላም አንድ ጀማሪ ላኪ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኑጌ ሻግቶ ደረሰ አሉኝ። መርከቡን መክሰስ ይቻላል?» ምን ልበለው? በነሐሴ ዝናብ ጭኖ፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ አንዴም ሳይገባ!

ይሄን ስህተት ማየት ሰልችቶኛል። ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ ውስጥ ግቡና በሩን ከውጭ አዘጉት። ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ውሃም ይገባል፤ መልሱት። ሾፌሩ ይነጫነጭ። ወለሉን ዳብሱ፣ አሽትቱ። ኑጉም በደንብ ይድረቅ። ደብረ ማርቆስ ብርድ፣ አባይ በረሃ ሐሩር፣ ጅቡቲ እሳት ነው። ብረቱ ሲግል እህሉ እርጥበት ይተፋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያው እርጥበት ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ለእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሰስቶ ሙሉ ጭነት ያጣ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ባዶውን ቡሬ ድረስ ያመጣው ናፍጣ፣ ጅቡቲ ያደረሰው ናፍጣ፣ የመርከቡ ነዳጅ፣ ሁሉም ለሻጋታ ተቃጠለ ማለት ነው። ስለ ብክለት ሲወራ ጣታችን መርከቡ ላይ ነው። አንድ ቶን አንድ ኪሎ ሜትር ለመውሰድ ግን የእኛ ተሳቢ ከትልቅ የኮንቴይነር መርከብ እጅግ የበለጠ ያጨሳል። ስለዚህ ኮንቴይነሩን አጉድላችሁም አትላኩ።

ክብደቱን በግምት አትጻፉ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ ክብደቱ ያልተረጋገጠ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይወጣም።

ወደ አውሮፓ የምትሸጡ (ኑጋችንን ለወፍ ነው የሚሰጡት፣ ይሁን)፣ የባሕር ጭነቱን የምትከፍሉት እናንተ ከሆናችሁ የካርቦን ክፍያውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት መርከቦችን ለሚለቁት ካርቦን ያስከፍላል፤ እ.ኤ.አ. ለ2024 ልቀት 40 በመቶውን፣ ለ2025 70 በመቶውን፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን። ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ ወደብ ለተነሳ ጉዞ የሚቆጠረው የልቀቱ ግማሽ ነው። የመርከብ ድርጅቶቹ ሒሳቡን ወደ ጫኙ ያዞሩታል። በአምና ዋጋ ዘንድሮ የሚፈርም ትርፉን በገዛ እጁ ሰጠ።

«ፈጣን መርከብ ፈልግልኝ» የምትሉኝስ? መርከብ ፍጥነቱን 10 በመቶ ሲቀንስ ለጉዞው የሚፈጀው ነዳጅ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቀስ የሚሉት ወደው ነው። እናንተ በዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ሦስት ሳምንት ስትንዛዙ ከርማችሁ ባሕር ላይ ሦስት ቀን ለማትረፍ ትጣላላችሁ።

ከፍኖተ ሰላሙ ልጅ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ። አዲሱ ኑግ ሲደርስ ባዶው ኮንቴይነር ውስጥ አብረን እንቆማለን። ባትሪ እንዳያመጣ ነግሬዋለሁ።