የስናይፐርን ሚዛን ሲያስተካክሉ የሚሠሩ ስህተቶች

የተኩስ ቪዲዮ ጌም ማፕ (የመጫወቻ ቦታ) የሚሠራም ሆነ የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ስናይፐር (ከሩቅ የሚገድል ጠመንጃ) ላይ ቅሬታ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚነካው የጉዳቱን ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ግን መነካት የነበረበት ሌላ ነገር ነው።

ጉዳቱን መቀነስ። ካውንተር ስትራይክ በተባለው ጌም አውፕ የተባለው ስናይፐር መነሻ ጉዳቱ 115 ነው። ደረት ላይ ካረፈ መከላከያ የለበሰውንም ይገድላል፤ እግር ላይ ካረፈ ግን ከ100 ላይፍ 86 አውርዶ የተመታው ይተርፋል። ይህን ወደ 90 ቢያወርዱት ማን ይገዛዋል? በጌሙ ገንዘብ 4,750 ዶላር አውጥቶ ደረት ላይ ሁለት ጥይት የሚፈልግ ጠመንጃ ከመያዝ በ2,700 ኤኬ የተባለውን ተራ ጠመንጃ መግዛት ያዋጣል። የጌሙ ሠሪ ቫልቭ ጉዳቱን ትቶ ዙሪያውን ነው ያጠበበው፦ አንድ ሰው ሲገድሉበት 100 ዶላር ብቻ ይከፍላል (ኤኬ 300 ይከፍላል)፣ በስኮፕ (በጠመንጃው መነጽር) ሲያዩ ፍጥነት በሰከንድ ከ200 ዩኒት (የጌሙ የርቀት መለኪያ) ወደ 100 ይወርዳል፣ በኅዳር 2022 ደግሞ ካዝናው ከ10 ጥይት ወደ 5 ተቀነሰ። በ10 ጥይት ጭስ ውስጥ በግምት መተኮስ ምንም አያስከፍልም ነበር፤ በ5 ግን እያንዳንዱ ስህተት ይቆጠራል።

ከሳተ በኋላ ያለውን ጊዜ ማሳጠር። በእኛ እይታ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አውፕ በሁለት ጥይት መካከል 1.46 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኤኬ በደቂቃ 600 ስለሚተኩስ በዚያ ክፍተት 14 ጥይት ያወጣል። የተጋጣሚው መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መሣሪያው «ቀርፋፋ ነው» ተብሎ ይህ ወደ አንድ ሰከንድ ቢወርድ፣ መሳት የሚያስከፍለው ነገር ይጠፋል፤ ጎበዝና ሰነፍ ተኳሽ አይለዩም።

ጥይቱን በዕድል ማሳት። ቆሞ በትክክል ያነጣጠረ ሰው ጥይቱ በዘፈቀደ ቢስትበት የተቀጣው ችሎታው ነው። ቅጣቱ ተጫዋቹ አስቀድሞ የሚያውቀው ይሁን፦ እየሮጡ ከተኮሱ ይስታል፣ ቆመው ከተኮሱ ይመታል። ቲም ፎርትረስ 2 በተባለው ጌም ውስጥ ስኮፕ ከተከፈተ በኋላ 0.2 ሰከንድ ካልተጠበቀ ጭንቅላት መምታት እንደ ሄድሾት (ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርስ የጭንቅላት ምት) አይቆጠርም። ስኮፕ ተከፍቶ በቆየ ቁጥር የጥይቱ ኃይል ይሞላል፦ ያልተሞላ ጥይት አካል ላይ 50፣ ጭንቅላት ላይ 150 ያወርዳል፤ ሙሉ በሙሉ የተሞላው ጭንቅላት ላይ 450። ለትዕግሥትም ለማነጣጠር ችሎታም ለየብቻ ነው የሚከፈለው።

ስናይፐሩን መደበቅ። የሞተው ሰው ከየት እንደተመታ ማወቅ አለበት። የቲም ፎርትረስ 2 ቀይና ሰማያዊ የሌዘር ነጥብ፣ የባትልፊልድ 4 የስኮፕ ብልጭታ ለዚህ የተቀመጡ ናቸው። በማስተካከያ ስም ማጥፋት አይገባም።

ማፑን መርሳት። በካውንተር ስትራይክ ኤኬ የያዘ ሰው በሰከንድ 215 ዩኒት ይሮጣል። 64 ዩኒት ስፋት ያለውን ክፍት ቦታ በ0.3 ሰከንድ ያልፋል፤ ይህ ለዓይንና ለእጅ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ ፍልሚያው እኩል ይሆናል። ክፍተቱ 300 ዩኒት ከሆነ ግን የሚያልፈው ሰው 1.4 ሰከንድ ያህል ተጋልጦ ይቆያል፤ በዚያ ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም። መሃል ላይ ሳጥን ይጨምሩ ወይም ሌላ መተላለፊያ ይክፈቱ።

ፒንግን (መልእክት ወደ ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ) ሳያዩ መፍረድ። የእንዲህ ያሉ ጌሞች ሰርቨር የሚቀበለው ተኳሹ በራሱ ስክሪን ያየውን ነው። የተኳሹ ፒንግ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ የሚሮጠው ሰው በዚያ ጊዜ 32 ዩኒት ተጉዟል፤ ይህ የገጸ ባሕርዩ ሙሉ ስፋት ነው። «ግድግዳ ጀርባ ገብቼ ሞትኩ» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል፣ በአንድ ጥይት መሞትም ጎልቶ እንዲታይ ያደርገዋል። ከአዲስ አበባ ሆኖ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ ለሚጫወት ሰው 150 ብርቅ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ መሣሪያውን ከመንካትዎ በፊት ግድያዎቹን በተኳሹ ፒንግ ለይተው ይቁጠሩ። ከዚያ ርቀቱንና የሳቱትን ጥይቶች ይመዝግቡ፤ ጀማሪዎችንና የላይኛውን ደረጃ ተጫዋቾች በአንድ አማካይ አይቀላቅሉ፤ የአንዱ ችግር የሌላው አይደለምና።