መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎ የሚነካ ትልቅ ጎማ፦ መፍትሔው
የፋብሪካው ጎማ 265/65 አር 17 ነበር (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች)። በ285/70 አር 17 ሲተካ፣ መሪው እስከ ጫፍ ዞሮ ወደ ኋላ ሲነዳ የፊት ጎማው የፓራፋንጎውን (የጎማ ከለላውን) የውስጥ ፕላስቲክ መፋቅ ጀመረ። ዲያሜትሩ ከ776 ወደ 831 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ ስፋቱ በ20 ጨምሯል። ከመሬት የሚገኘው ከፍታ ግን የልዩነቱ ግማሽ፣ 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ብዙዎች ቶሎ ብለው ሞላ ያስረዝማሉ። ያ ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ቦታ ይሰጠዋል እንጂ መሪ ሲዞር የሚጠርገውን ክብ አያጠበውም። ስፔሰር (በጎማውና በማሰሪያው መካከል የሚገባ ወፍራም ቀለበት) ደግሞ ይብሳል፦ ጎማውን ወደ ውጭ ገፍቶ ክቡን ያሰፋዋል።

የሠራው ይህ ነው። ፕላስቲኩ በጠመኔ ተቀብቶ መሪው በሁለቱም በኩል እስከ ጫፍ ዞረ፤ ጠመኔው የተላጠበት ቦታ ነው ችግሩ። የጭቃ መከላከያው ወለቀ፣ ፕላስቲኩ በሙቅ አየር ለስልሶ ወደ ኋላ ተገፋና በብሎን ታሰረ። (ከጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ አስቀድሞ ይነሳ።) የቀረችውን ንክኪ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) ላይ ካስተር (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል) መጨመር ጨረሳት፤ ጎማው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፤ አምራቹ ከፈቀደው ልክ ግን አይታለፍም።

ደልዳላ ሜዳ ላይ ብቻ መፈተሽ አይበቃም። አንዱን የፊት ጎማ ጉብታ ላይ አውጥቶ መሪውን መጠምዘዝ ያስፈልጋል።

የፍጥነት መለኪያው ቀድሞ ትክክል ከነበረ፣ አሁን 100 ሲያሳይ መኪናው በ107 ገደማ እየሄደ ነው። ስኮርታው በቦታው መግባቱም ይለካ።