ወደ ደቅ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ዳር እየተነሣሁ እንግዶችን ወደ ጣና ደሴቶች ማመላለስ ከጀመርኩ 19 ዓመት አልፎኛል። ብዙው ሰው የሚሄደው ቅርብ ወደሆኑት ወደ ዘጌ ልሳነ ምድርና ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት ነው፤ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁን ደቅን የሚመርጠው ጥቂቱ ነው። የመረጠውም ሰው ጸጥታ ፈልጎ ስለሚመጣ ደሴቱን ይወደዋል፤ ሆኖም እንደ መዝናኛ ስፍራ ቆጥሮት ይመጣል። ደቅ በበሬ የሚታረስበት፣ ዳጉሳና በቆሎ የሚዘራበት፣ ማታ የተጣለ መረብ ንጋት ላይ የሚነሣበት የሥራ አገር ነው፤ የመሄጃና የመመለሻ ሰዓትን የሚወስነውም የሐይቁ ነፋስ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ስህተት አርፍዶ መነሣት ነው፤ ይህን ስጽፍ ንዴቴን ለመደበቅ አልሞክርም። እንግዳው ማታ ‹‹በጠዋት እንነሣለን›› ብሎኝ ከተለያየን በኋላ፣ 12 ሰዓት ላይ ሞተሩን አዘጋጅቼ ስጠብቀው፣ ቁርሱን በልቶና ማኪያቶውን ጠጥቶ 4 ሰዓት ሲሆን ብቅ ይላል። ከባሕር ዳር እስከ ደቅ በተለመደው የእንግዳ ጀልባ 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። 4 ሰዓት የተነሣ ሰው 7 ሰዓት ይደርሳል፤ የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አይቶ፣ ምሳ በልቶና ጥቂት ተንሸራሽሮ ለመመለስ ሲያስብ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ያ ደግሞ ጠዋት እንደ ዘይት ተኝቶ ያየነው ውሃ የሚቆጣበት ሰዓት ነው። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ ወደ 14 ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲያገኘው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን፣ ጀልባዋ አንዱን ወጥታ ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል። ጠዋት ‹‹ሐይቅ እኮ ነው፣ ምን ይመጣል?›› ይሉኝ የነበሩት እንግዶች በዚያ ሰዓት የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጠው ቃል አይወጣቸውም።

እኔም ብሆን ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አምስት መምህራንና አንዲት አሮጊት መነኩሴ ጭኜ ከናርጋ የተነሣሁት 9 ሰዓት አልፎ ነበር፤ እንግዶቹ ስላልቸኮሉ እኔም ‹‹እንሂድ›› ብዬ መጨቅጨቁን አፈርኩ። መንገዱን ሳናጋምስ ውሃው ከጎን መግባት ጀመረ፤ አፉን ቆርጠን መቅጃ ባደረግነው የዘይት ጄሪካን ሁለቱ መምህራን እየተፈራረቁ ቀድተው ያፈሱ ነበር። የያዝኩት ቤንዚን ለረጋ ውሃ የተሰላ ስለነበር ከማዕበሉ ጋር ስንታገል አለቀ ለማለት በቃ፤ ወደ ዘጌ ዳርቻ ተጠግተን በአንድ የቡና ገበሬ ቤት አደርን። እማሆይ ያን ሁሉ ሰዓት መቁጠሪያቸውን ይዘው ዝም ብለው ቆይተው መሬት ስንረግጥ ‹‹ልጄ፣ ስትነሣ ነፋሱን አይተኸው ነበር?›› አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ8 ሰዓት በኋላ ከደቅ አልነሣም፤ የፈለገ ይቆጣ።

ሁለተኛው ስህተት ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣች ልበ ቀና ተማሪ፣ እኔ ሞተሩን አጥፍቼ ቤንዚን ስሞላ፣ ከውሃው ላይ ሦስት ባዶ ሃይላንድ ለቅማ፣ የታሰሩበትን ክር በጥርሷ በጥሳ ጀልባው ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ሐይቁን ማጽዳቷ ነበር። እነዚያ ሃይላንዶች ግን የአንድ ዓሣ አጥማጅ የመረብ ምልክቶች ነበሩ፤ ሰውየው የጣለውን መረብ ሲፈልግ እስከ ቀትር ዋለ። አግኝተነው ስንነግረው ጥቂት ዝም ብሎ ‹‹አይዞሽ እታለም፣ አላወቅሽም›› ከማለት በቀር ክፉ አልወጣውም፤ እሷ ግን እንባዋ መጣ። እኔ እንደሆንኩ እንደዚህች ያለችውን ጀማሪ እወዳታለሁ፤ የምጠላው አቋርጦ ለመድረስ በመረቡ ላይ እንድነዳ የሚወተውተኝን ነው። የሞተሩ ምላጭ የቆረጠው መረብ ለአጥማጁ የወራት ገቢው ነው።

መረብ ሲነሣ ማየት የሚፈልግ ሰው ደቅ አድሮ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ዳርቻው መውረድ አለበት። አጥማጁ በደንገል ታንኳው ላይ ተንበርክኮ መረቡን ወደ ራሱ እየሳበ ይሰበስባል፤ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያገኝ ጀርባው ላይ የቆመውን እሾኽ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አስተኝቶ ክሩን በአንድ ንቅናቄ ያላቅቀዋል። እጁ አይቸኩልም። በዚህ ጊዜ ‹‹ወደዚህ ዙርልኝ፣ ፎቶ ላንሣህ›› ብሎ መጣራት ነውር ነው፤ ‹‹እንደምን አደራችሁ፣ ይቅናችሁ›› ብሎ ጨርሶ እስኪወጣ የጠበቀ ግን ፎቶውንም ጨዋታውንም ያገኛል። ታንኳው ላይ ልውጣ የሚል ሰው በመጀመሪያ ዋና ይቻል።

ስለ ዓሣው ከተነሣ፣ በነሐሴ መጥቶ እንቁላል ያለው ትልቅ ነጭ ዓሣ ካልቀረበልኝ የሚል እንግዳ ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ነጭ ዓሣ የምንላቸው ከ10 የሚበልጡ ዝርያዎች ከጣና ተፋሰስ ውጭ በዓለም የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ በዚያ ሰሞን በየወንዙ አፍ የሚጣለው መረብ እናቶቹን ከነእንቁላላቸው ስለሚጠርግ ዝርያው ተመናምኗል። በዚያ ወቅት ቀረሶ ወይም አምባዛ ይጠይቁ። በዐቢይ ጾምም ዓሣን የሚበላ ቤት እንዳለ ሁሉ የማይበላ ቤት አለና፣ ሳይጠይቁ ከወደብ ዓሣ ገዝቶ ‹‹ጥበሱልኝ›› ብሎ መግባት ባለቤቷን ማሳፈር ነው።

ከደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባበትም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩትን ይህን ቤተ ክርስቲያን ባለትዳሮች አብረው ሊያዩት ይችላሉ። ይህን ቀድሞ ሳይጠይቁ መጥተው ባልየው የእነ ዘርአ ያዕቆብንና የእነ ፋሲለደስን አጽም ሊያይ ሲወጣ ሚስት ዳጋ ሥር ጀልባ ውስጥ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ሲመታት ስንት ጊዜ አይቻለሁ። የመልሱ ጉዞ እንዴት እንደሚሆን ያገባ ያውቀዋል። ሳይነግራቸው የሚጭን ጀልባ ነጂም ከጥፋቱ ድርሻ አለው፤ እኔ አሁን ገንዘብ ሳልቀበል በፊት እናገራለሁ።

ጣና ሐሩር አገር ነው ብለው በስስ ሸሚዝ ብቻ አይምጡ፤ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ንጋት ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ባርኔጣ። ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ዳርቻ ገብተው አይታጠቡ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ዝርዝር ብር ይያዙ። ከመነሣትዎም በፊት የመንገዱንና የሐይቁን ደኅንነት በዚያው ሳምንት ከተመላለሰ ሰው ይጠይቁ።

አሁንም ወደ ሰዓቱ ልመለስና፣ ብዙዎች የማያስቡት የቡናው ጉዳይ ነው። በደቅ አንድ ቤት ገብተው ከተቀመጡ ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ ምጣዱ ተጥዶ ከተቆላ በኋላ አቦሉን ጠጥቶ ‹‹ነፋስ ሊነሣብን ነው›› ብሎ መውጣት ባለቤቷን ያስቀይማል፤ ቶናውንና በረካውን መጠበቅ ደግሞ እኔ የፈራሁት ሰዓት ላይ ያደርሳል። እኔ ራሴ ከአንዲት እቴቴ ቤት በአቦል ተነሥቼ ወጥቼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሳልፍ ሰላምታዬን በግማሽ ብቻ መልሳልኛለች። ስለዚህ በዚያው ቀን የሚመለስ እንግዳ ከ6 ሰዓት በኋላ ማንም ቤት ሲጋበዝ፣ ገና ቡናው ሳይታጠብ፣ ቆሞ አመስግኖ እንዲያልፍ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ መቀመጥ የፈለገ ጋቢውን ይዞ ይምጣና ይደር፣ እኔም ጀልባዬን አስሬ አብሬው አድራለሁ።